ስልክ ላይ «ደህና ነኝ» ላልኩህ አባቴ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? የደብዳቤ ወግ እዚህ ላይ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» በይ ይለኛል። ይህችን ቃል ግን ለጊዜው ላቆያት፤ የምጽፍልህም በእርሷ ምክንያት ነው።

በስልክ ስንነጋገር ግማሹ እንደማይሰማህ አውቃለሁ። ካራማራ ላይ መድፉ የጎዳው የግራ ጆሮህን ነው፤ አንተ ደግሞ ከልማድ ስልኩን ሁልጊዜ ወደ ግራ ትወስደዋለህ። እኔ ሦስት ጊዜ «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ አንተ ሦስት ጊዜ «ተመስገን» ትላለህ፣ ከዚያ እንዘጋለን። እዚህ በአሜሪካ ጦር አካዳሚ ዌስት ፖይንት ግን ሁላችንም የምንገዛበት አንድ ሕግ አለ፦ ካዴት አይዋሽም፣ አያጭበረብርም፣ አይሰርቅም፣ ይህን የሚያደርገውንም ዝም ብሎ አያልፍም። ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ቃል እየኖርኩ እሁድ ሲመጣ ለገዛ አባቴ ግማሽ እውነት መናገር ከበደኝ። ስለዚህ ውሎዬን እንዳለ እነግርሃለሁ፤ መነጽርህን አድርገህ ቀስ ብለህ አንብበው።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እነሣለሁ። ሃድሰን ወንዝ በመስኮቴ በኩል ገና ጨለማ ነው። አልጋዬን አነጥፌ፣ ክፍሉን ጠርጌ፣ የቀኑን ዜና አንብቤ እወጣለሁ፤ ዜናውን ከላይ ያሉት ካዴቶች ድንገት ሊጠይቁን ስለሚችሉ ማወቅ ግድ ነው። እንዲሁም ከባሕር ኃይል ጋር የምንጋጠምበት የታኅሣሡ የእግር ኳስ ጨዋታ (የአሜሪካኖቹን ማለቴ ነው) ስንት ቀን እንደቀረው። የአንደኛ ዓመት ካዴት ፕሊብ ይባላል። ፕሊብ በኮሪደር ሲሄድ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ እጁን ጨብጦ፣ ፈጠን ብሎ ነው፤ ወሬ የለም። የታጠበ ልብስ ለየክፍሉ የምናደርሰውም እኛው ነን።

ከቁርስ ሰልፍ በፊት ተራ የደረሰው ፕሊብ ከኮሪደሩ ሰዓት ሥር ቀጥ ብሎ ይቆምና ስንት ደቂቃ እንደቀረ፣ የዕለቱም ልብስ ምን እንደሆነ በሙሉ ድምፁ ይጮኻል። በመስከረም መጨረሻ አንድ ቀን የእኔ ተራ ነበር። ልብሱን ተሳስቼ ጠራሁ። በሮች ተከፈቱ፣ ለብሰው የጨረሱት እንደገና መቀየር ጀመሩ። አንዲት የሦስተኛ ዓመት ካዴት ፊቴ መጥታ ቆመችና፣ ሳትጮኽ፣ «ለምን?» አለችኝ።

አባዬ፣ ፕሊብ ለጥያቄ የሚሰጠው መልስ አራት ብቻ ነው፦ አዎ፣ አይደለም፣ አልገባኝም፣ ምክንያት የለኝም። እኔ ደግሞ ምክንያት ሞልቶኛል። ሌሊቱን የሒሳብ ፈተና ሳጠና አንግቼ ነበር፤ የተሳሳተውን ልብስ የነገረኝም ሌላ ፕሊብ ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። «ምክንያት የለኝም» አልኳት። ዓይኔን አየችኝና ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ሄደች። ያቺ አንዲት መልስ ከብዙ ንግግር የከበደች ነች። ልጆች ሆነን ብርጭቆ ስንሰብር «ማን ሰበረው?» እንጂ «ለምን?» የማትለን ለምን እንደሆነ ያን ቀን የገባኝ መሰለኝ።

ምሳ ላይ አራት ሺህ አራት መቶ ገደማ ካዴት በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ጊዜ፣ አሥር አሥር እየሆነ ይቀመጣል። ፕሊቦቹ ከገበታው ግርጌ ነን። መጠጥ የምንቀዳው እኛ ነን፤ ኬክ ሲመጣም ስንት ሰው እንደሚፈልግ ጠይቀን እኩል መቁረጥ የእኛ ሥራ ነው፤ አንዱ ቁራጭ ከሌላው ከበለጠ ሁሉም ያየዋል። አብረውኝ ከገቡት አንዳንዶቹ ይህ በጣም ያማቸዋል። እኔን ግን አላመመኝም። ለእንግዶችህ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዤ በየተራ እጅ ሳስታጥብ አላደግሁም እንዴ? ታናሽ ቆሞ ታላቅ ተቀምጦ መብላቱ ለእኔ ውርደት ሳይሆን ወግ ነው። የክፍል ጓደኛዬ አንድ ቀን «እንዴት አይከብድሽም?» ብላ ስትጠይቀኝ ስለ አዲስ አበባው ቤታችን ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ እርሷም መጠጡን በሁለት እጇ ይዛ ነው የምትቀዳው።

አሁን ደግሞ ያልነገርኩህን ልንገርህ። ቦክስ እንማራለን፤ ከ2016 ጀምሮ ለሴቶችም ግዴታ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት አፍንጫዬ ደማ፤ አልተሰበረም። ለእማዬም እንዲሁ ንገራት፣ አትደብቃት። በበጋው ሥልጠና ማብቂያ 12 ማይል፣ ወደ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጓዝ ተሸክመን ስንመለስ ተረከዜ ተልጦ ነበር፤ እርሱ ድኗል። የከበደኝ ግን ገላዬ አይደለም። በጥቅምት ሁለት ሳምንት ሙሉ ለመልቀቅ አስቤ ነበር። ሦስተኛው ዓመት ከመጀመሩ በፊት የወጣ ሰው ዕዳ የለበትም፤ ከዚያ በኋላ ግን ተመርቆ አምስት ዓመት ማገልገል አለበት። ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አውጥቼ አይቼዋለሁ። ያን እሁድ ደወልክ፤ «ደህና ነኝ» አልኩህ።

ሻንጣውን ወደ ቦታው የመለሰው ምን እንደሆነ ላስረዳህ። ያን ማታ ለሰኞ ጫማዬን ማበስ ነበረብኝ። ከመምጣቴ በፊት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠህ እንዳሳየኸኝ፣ ጨርቁን በሁለት ጣቴ ጠቅልዬ፣ ኪዊውን በስሱ ቀብቼ፣ አንዲት ጠብታ ውሃ ጣል አድርጌ፣ እየዞርኩ እየዞርኩ ማሸት ጀመርኩ። መጀመሪያ ቆዳው ይደፈርሳል፤ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚያ ላይ ነው። «ሲደፈርስ አትተዪው፣ ውሃ ጨምሪበት» ብለኸኝ ነበር። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ የጣሪያው መብራት ከጫማው አፍንጫ ላይ ብቅ አለ። ይህን ሐረር ጦር አካዳሚ የተማርከው መሆኑን አሰብኩ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመትህ፣ እኔ አሁን ባለሁበት ዕድሜ። አንተም ያን ጊዜ ሻንጣህን አውጥተህ አይተህ ታውቃለህ?

አንድ ነገር አስልቻለሁ። አንተ የምክትል መቶ አለቃነት ማዕረግህን ከትከሻህ ባደረግህበት በ1968፣ በፈረንጆቹ 1976 መሆኑ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች በዚህ በር ገቡ። ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ 174 ዓመት ሆኖት ነበር። 119 ገብተው ከአራት ዓመት በኋላ የተመረቁት 62 ናቸው። በእነርሱ ጊዜ ማን «አይዞሽ» እንዳላቸው እንጃ። እኔ አንተ አለህልኝ። ሐምሌ ላይ ስንሰነባበት የተሰጠን አንድ ደቂቃ ያህል ነበር፤ ሌሎቹ ወላጆች ልጆቻቸውን አቅፈው ሲያለቅሱ አንተ ጎንበስ ብለህ የጫማዬን ማሰሪያ አጠበቅህልኝ። ጉልበትህ እያመመህ። ቀና ስትል ግድግዳውን ተደግፈህ ነው፤ አይቼሃለሁ።

ስለዚህ እኔም የምጠይቅህ አለኝ። አንተም ስልክ ላይ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነው የምትለኝ። ጉልበትህን ሐኪም አየው? ስኳርህ ዛሬ ጠዋት ስንት ነበር? መድኃኒቱን ሳታቋርጥ እየወሰድክ ነው? ካራማራ ላይ ስለነበርክባቸው ቀናትም፣ ልብህ ከፈቀደ፣ ጥቂት ብትጽፍልኝ ደስ ይለኛል፤ ስትናገረው ሰምቼህ አላውቅም፣ በጽሑፍ ግን ምናልባት ይቀልህ ይሆናል። ለምስጋና ቀን ቤት እንድንሄድ ይፈቀድልናል፤ እስከዚያ ግን አልጠብቅም፣ በደብዳቤ መልስልኝ። የስኳሩን ቁጥር እንዳለ ጻፈው።

እማዬ ዳቦ ቆሎ የምትልክ ከሆነ ለአሥር ሰው የሚበቃ ይሁን።

ጉልበትህን ስሜ፣
ልጅህ