ከሰል የቤት ዋጋ አይለካም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ብሔራዊ ባንክ የአዲስ አበባን የቤት ዋጋ ለማውረድ ወለድ ይጨምር ያላችሁበትን ዘገባ ደጋግሜ አነበብኩት። ለዋጋው መናር ያቀረባችሁት ማስረጃ ግሽበት በሚለካበት የሸማቾች ዋጋ መመዘኛ ውስጥ «መኖሪያ ቤት፣ ውሃ፣ ኤሌክትሪክ፣ ጋዝና ሌሎች ማገዶዎች» የተባለውን ክፍል ነው። እሱ የሚለካው ኪራይን፣ ጥገናን፣ የመብራት ሂሳብን፣ ከሰልንም ነው። ካዛንቺስ ላይ አንድ አፓርታማ በስንት እንደተሸጠ እዚያ የለም። በከሰል ዋጋ ስለ ቤት ገበያ ይፈረዳል?

ኢኮኖሚስት ጠየቃችሁ፣ አልሚ ጠየቃችሁ። ከአራት ኪሎ እስከ ለገሃር እየዞርን ለባንክ ዋስትና ቤት የምንገምተውን ግን ማንም አላስታወሰንም። ብትጠይቁን ችግሩ ያለበትን እናሳያችሁ ነበር።

ባንኩ ከግምቱ 70 በመቶ ያበድራል እንበል። ቤቱ 10 ሚሊዮን ብር ከተገመተ ብድሩ 7 ሚሊዮን ነው። ሰፈሩ ተፈላጊ ሆነ ተብሎ ግምቱ ወደ 14 ሚሊዮን ሲወጣ ያው ቤት 9.8 ሚሊዮን ያስበድራል። ግድግዳው አልተጨመረም፣ የጨመረው የቦታው ዋጋ ብቻ ነው። ትርፉ 2.8 ሚሊዮን ተመልሶ ቤት ይገዛና ዋጋውን ደግሞ ያንረዋል። ዋጋው ወደ 9 ሚሊዮን የወረደ ዕለት ዋስትናው ብድሩን አይሸፍንም።

ብሩ እንዳይረክስበት ቤት በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ወለዱ 15 ሆነ 18 ምን ቸገረው? የሚመታው ተበድሮ የሚገነባው ነው፤ ተበድሮ የሚሠራው ዳቦ ቤትም አብሮ ይመታል። ስዊድን የቤተሰብ ዕዳ አሳስቧት እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2011 ወለዷን ከ0.25 ወደ 2 በመቶ አወጣች። ግሽበቱ ከዒላማው በታች ወርዶ እ.ኤ.አ. በ2015 ወለዱን ከዜሮ በታች አደረገችው። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2013 ያነጣጠረችው ብድሩ ላይ ነው፤ ከቤቱ ዋጋ ከ80 በመቶ በላይ የሆነ ብድር ከአዲሱ የቤት ብድር ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ከለከለች።

እኛም የሚያስፈልገን ይኸው ነው፤ ዋጋ ሲንር ዝቅ የሚል የብድር ጣሪያ፣ በመጨረሻው ሽያጭ ሳይሆን በሦስት ዓመት አማካይ የሚሠራ ግምት። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በባንኮች ላይ ያወጣው የ14 በመቶ የብድር ዕድገት ገደብ ቤት ገዢውን ከአምራቹ አልለየም። ከሁሉ በፊት ግን የቤት ዋጋ መመዘኛ ይኑረን። ውል ላይ የሚጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ ከተከፈለው ስለሚያንስ ለብቻው አያስተማምንም። የባንኮች የግምት ሪፖርት በወረዳ፣ በካሬ ሜትርና በግንባታ ደረጃ ተለይቶ አብሮ ይሰብሰብ።

እርማቱንም ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ አውጡልን።

ከአንድ የንብረት ገማች፣ ካዛንቺስ