«ጊዜያዊ» የተባለው መሬት ካሳ ይገባዋል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በእርሻ መሬት ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ለመትከል ሲታሰብ፣ ተርባይኑ (በነፋስ እየተሽከረከረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ማሽን) የሚይዘው ቦታ ጥቂት በመሆኑ ገበሬው በዙሪያው እንደ ልቡ ማረስ ይችላል የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የሚመለከተው ግንባታው ካለቀ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2009 በአገሩ ማመንጫዎች ላይ ባወጣው ጥናት፣ ለአንድ ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም በቋሚነት የሚያዘው መሬት በአማካይ 0.3 ሄክታር፣ በግንባታ ወቅት ለጊዜው የሚነካው ደግሞ 0.7 ሄክታር ገደማ ነው። በካሳ ድርድር ተድበስብሶ የሚታለፈው ይህ ከእጥፍ የሚበልጠው መሬት ነው።

«ጊዜያዊ» የሚለው ቃል አፈሩ ላይ የሚደርሰውን አይገልጽም። ክሬኑና ኮንክሪት የጫኑ መኪኖች በረጠበ ማሳ ላይ ሲመላለሱ ከላይ ያለው አፈር በእርሻ ቢለሰልስም፣ ማረሻ ከማይደርስበት ጥልቀት የተጠቀጠቀው ለዓመታት፣ አንዳንዴም ለአሥርት ዓመታት እንደ ጠጠረ ይቆያል። ዝናብ ሲጥል ውኃው መስረግ አቅቶት በጎማው ዱካ ላይ ይተኛል፤ የሰብሉም ሥር ጠጣሩ ንብርብር ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይታጠፋል፤ በዚያ መስመር ላይ የበቀለው ከጎረቤቱ ቀጭጮ ይታያል። ለመሠረቱና ለኤሌክትሪክ ገመዱ ሲቆፈርም፣ ለሙ የላይኛው አፈር ተለይቶ ካልተከመረ ከታችኛው ጋር ይደባለቃል፤ አንዴ ከተደባለቀ የሚለየው የለም። ለግንባታው የሚወጣው መንገድ ምርት ለማጓጓዝ እንደሚጠቅም አልክድም፤ ሆኖም የውኃ መውረጃ ሳይሠራለት ማሳውን አቋርጦ ካለፈ ጎርፉን ወደ ታችኛው ገበሬ ይመራል።

ስለዚህ ውሉ ሲፈረም አፈሩ ሲረጥብ ከባድ መኪና እንዳይገባ፣ የላይኛው አፈር አስቀድሞ ተገፎ ለብቻው እንዲቀመጥ፣ ካሳውም የአንድ ወቅት ሰብል ተገምቶ የሚዘጋ ሳይሆን ምርቱ ወደ ቀድሞው መጠን እስኪመለስ በየዓመቱ እየተለካ የሚከፈል እንዲሆን በግልጽ ሊጻፍ ይገባል። የተርባይኖች ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዓመት እንደሆነ ስለሚታወቅ፣ የኮንክሪቱን መሠረት እስከ ምን ጥልቀት ማን እንደሚያወጣውና ለዚህ የሚሆነው ገንዘብ የት እንደሚቀመጥ ቁፋሮው ሳይጀመር መወሰን አለበት፤ ያኔ ባለሀብቱ ከስሮ ወይም ድርጅቱን ሸጦ ቢሄድ ዕዳው በገበሬው ላይ አይወድቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ