ግልጽ ደብዳቤ ለእንግሊዝ የእግር ኳስ ተቆጣጣሪ፣ ከአንድ የማንቼ ደጋፊ

ለገለልተኛው የእግር ኳስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት
ለክቡር ሊቀመንበሩ ዴቪድ ኮጋን
እንግሊዝ

ጉዳዩ፦ ክለብን በክለቡ ዕዳ ስለሚገዙ ባለቤቶች

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ከአዲስ አበባ ይድረስዎ። በአማርኛ መጻፌ እርስዎን ለማስቸገር አይደለም። እርስዎ ተርጓሚ አያጡም። ደብዳቤውን ከእርስዎ ባላነሰ ማንበብ ያለባቸው ማንቼዎች ግን እዚህ ሞልተዋል። አርሴናሎችም ያነቡታል። እንደሚስቁ አውቃለሁ፣ ይሳቁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በእናንተ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ።

ፓርላማችሁ በሐምሌ 2025 የእግር ኳስ አስተዳደር ሕጉን አጽድቆ መሥሪያ ቤታችሁን አቋቁሟል። ከፕሪሚየር ሊግ እስከ አምስተኛው እርከን ያሉ 116 ክለቦች ፈቃዳቸውን ከእናንተ ያወጣሉ። ባለቤት የሚመረመረው በእናንተ ነው። ደስ ብሎናል። እኛ ሀገር “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” ይባላል። ውሻ ማለቴ በክፉ አይታይብኝ፣ ተረቱ እንዲያ ስለሚል ነው። አሜሪካዊው የግሌዘር ቤተሰብ ክለባችንን ማንቸስተር ዩናይትድን ከያዘ 20 ዓመት ሞልቶታል። ደግነቱ ጅቡ ገና አልሄደም።

እርስዎ ታሪኩን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ቢሆንም እዚህ ልጆች ሆነው ያለፋቸው አንባቢዎች አሉና ላስታውስ።

በግንቦት 2005 የፍሎሪዳው ባለሀብት ማልኮም ግሌዘር ማንቸስተር ዩናይትድን ጠቅልሎ ያዘ። ክለቡ ወደ 790 ሚሊዮን ፓውንድ ተተመነ። ከዚያ ውስጥ ከ500 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ብድር ነበር። መበደር ነውር የለውም። ዕዳው ግን የተጫነው በገዢው ላይ ሳይሆን በተገዛው ክለብ ላይ ነው። እስከዚያን ቀን ዕዳ የማያውቅ ክለብ አድሮ ባለዕዳ ሆነ።

ይህን ነገር ለእናቴ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። “አንድ ሰው ቤታችንን ልግዛ ብሎ መጣ እንበል። ገንዘብ የለውም። ይህንኑ ቤት አስይዞ ከባንክ ተበደረ። ከዚያ እኛ ኪራይ እየከፈልን ወለዱን እንከፍልለታለን” አልኳት። እናቴ ኳስ አታይም። ትንሽ አሰበችና “ታዲያ ሰውየው ምን ከፈለ?” አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ጥያቄዋን እንዳለ ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ወለድ ነው። ከብድሩ ከፊሉ የመጣው ከሄጅ ፈንዶች፣ ማለትም ለትልቅ ትርፍ ሲሉ ትልቅ ስጋት ከሚወስዱ የግል ኢንቨስትመንት ድርጅቶች ነበር። ወለዱ በዓመት 14.25 በመቶ፣ ያውም እየተጠራቀመ የሚሄድ። በ2010 ዕዳውን ለማደስ የ500 ሚሊዮን ፓውንድ ቦንድ ተሸጠ። በ2012 ክለቡ ኒው ዮርክ አክሲዮን ገበያ ገባ። ከሽያጩ ግማሹ የገባው ለቤተሰቡ ነው። ለሕዝብ የተሸጠው አክሲዮን አንድ ድምፅ ሲኖረው የእነሱ አሥር አሥር ድምፅ አለው። እስከ 2022 ድረስ ደግሞ ለዓመታት የትርፍ ድርሻ ሲከፋፈሉ ቆዩ። ወለዱ፣ ክፍያው፣ የትርፍ ድርሻው ሲደመር ከክለቡ የወጣው ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ እንደሆነ የክለቡን ሒሳብ የሚከታተሉ ሰዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ይህ ሁሉ ተከፍሎም ዋናው ዕዳ ዛሬ 650 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ላይ ነው። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይኼ ነው።

“ግን ለተጫዋች ስንት አውጥተዋል!” የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ወጥቷል። በ2016 ፖግባ በ89 ሚሊዮን ፓውንድ የዓለም ውድ ተጫዋች ሆኖ ሲመጣ እኔም ጨፍሬያለሁ። ያ ብር ግን ከቲኬት፣ ከማልያ፣ ከስፖንሰርና ከቴሌቪዥን የመጣ የክለቡ ብር ነው። አሰልጣኛችን ሰር አሌክስ ፈርጉሰን በ2013 ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጉድጓዱ አልታየንም። ሰውየው ዋንጫ እያመጡ ሸፍነውት ነበር። እሳቸው ሲሄዱ ሁሉም ነገር ፈጦ ወጣ። ሊጉን ከዚያ ወዲህ አልበላንም። በ2024/25 ደግሞ 15ኛ ወጣን። በፕሪሚየር ሊግ ዘመን እንዲህ ወርደን አናውቅም።

ስታዲየሙንም አይተነዋል። በግንቦት 2024 አርሴናል ኦልድ ትራፎርድ መጥቶ 1 ለ 0 አሸነፈን። ዝናቡ ወረደ። ከጣራው ጥግ ውሃው እንደ ጉድ መቀመጫው ላይ ይንዠቀዠቃል፣ ካሜራው ደግሞ ከዚያ አልነቀል አለ። ከጎኔ የተቀመጠው አርሴናል “ቆርቆሮ እናዋጣላችሁ?” አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ሽንፈቱንስ ለምጄዋለሁ።

አሁን አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። “የውጭ ሰው ይውጣልን” እያልኩ አይደለም። ለማንቸስተር ከተማ እኔም የውጭ ሰው ነኝ። ሩሲያዊው አብራሞቪች ቼልሲ ላይ ያፈሰሰውን 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ ብድር በ2022 ክለቡ ሲሸጥ ትቶታል። ብሩ ከየት መጣ የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፣ ክለቡ ላይ ግን ዕዳ ሆኖ አልቀረም። አርሴናሎች አሜሪካዊውን ባለቤታቸውን ክሮንኬን በ2021 “ውጣ!” ሲሉ ነበር። ቡድኑ ሲስተካከል ድምፃቸው ጠፋ። የእኛው ራትክሊፍ ደግሞ እንግሊዛዊ ነው፣ ያውም የማንቸስተር አካባቢ ልጅ። በ2024 ከሩብ በላይ ድርሻ ገዝቶ የኳሱን ሥራ ተረከበ። ሰራተኛ በመቶዎች ተቀነሰ፣ የሰራተኛው ነፃ ምሳ ቀረ። በውድድር ዓመቱ መሃል ደግሞ የቀሩት ቲኬቶች 66 ፓውንድ ሆኑ። ለሕፃኑም ለጡረተኛውም እኩል። ስለዚህ ፓስፖርት አይታችሁ እንዳትፈርዱ።

መመርመር ያለበት ባለቤቱ ምን ይዞ እንደገባና ምን ይዞ እንደወጣ ነው። የሼፊልድ ዌንስዴይን ነገር ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። ደመወዝ በጊዜው ሳይከፈል፣ ደጋፊው ስታዲየም አልገባም ብሎ ሲያድም፣ ክለቡ በጥቅምት 2025 በኪሳራ አስተዳዳሪ እጅ ገባ። 12 ነጥብም ተቀነሰበት። ነጥቡ ከማን ላይ ተቀነሰ? ከታይላንዳዊው ባለቤት? ከተጫዋቹና ከደጋፊው ላይ ነው እንጂ።

“አንተ አዲስ አበባ ተቀምጠህ ምን አገባህ?” ይሉኝ ይሆናል። ይገባኛል ባይ ነኝ። በ2012 ኒው ዮርክ ላይ አክሲዮን ሲሸጥ ለገዢዎች በቀረበው ሰነድ ላይ ክለቡ በዓለም ዙሪያ 659 ሚሊዮን ተከታይ እንዳለው ተጽፏል። ከእነዚያ አንዱ እኔ ነኝ ማለት ነው። ማንም አልጠየቀኝም። ከነጎረቤቴ፣ ከነአጎቴ ልጅ ተቆጥሬ ለገበያ ቀርቤያለሁ። ከ2022 ወዲህ ደግሞ ፕሪሚየር ሊጉ የቴሌቪዥን መብቱን ውጭ ሀገር ሸጦ የሚያገኘው ከእንግሊዝ ውስጥ ከሚያገኘው በልጧል። እዚያ ውስጥ እኛ ዲኤስቲቪ ቤት በር ላይ የምንከፍላት ብርም ቅንጣት ታህል አለችበት። ለመሸጥ ስንቆጠር ቤተሰብ፣ ለመናገር ስንነሳ ባዕድ አንሁን።

ተቃውሞውንም ከሩቅ ስንካፈል ቆይተናል። በ2010 ደጋፊው አረንጓዴና ወርቃማ ስካርፍ አድርጎ ወጣ። ክለቡ ኒውተን ሂዝ ይባል በነበረበት ጊዜ የለበሰው ቀለም ነው። የቀድሞ ተጫዋቻችን ቤካም ከሚላን ጋር መጥቶ ተሸንፎ ሲወጣ ከሜዳ አንስቶ አንገቱ ላይ ሲያደርገው ሰፈራችን በጩኸት ተናጋ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ በዚያ ላይ የክለቡ ቀይ። ባንዲራችን ሆኖልን አረፈ።

የማይረሳኝ ግን የ2021 ፋሲካ ነው። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ 12 ሀብታም ክለቦች የራሳችንን፣ መሥራቾቹ የማይወርዱበትን ሱፐር ሊግ መሥርተናል ብለው እሁድ ማታ አወጁ። የዚያ ሊግ ምክትል ሊቀመንበር የማልኮም ልጅ ጆኤል ግሌዘር ነበር። የእንግሊዝ ደጋፊ አደባባይ ወጣ፣ ማክሰኞ ማታ ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች ሹልክ አሉ። ፋሲካ ዕለት ከሊቨርፑል ጋር ጨዋታ አለን፣ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 12:30። ዶሮውን በልተን፣ ነጭ በነጭ እንደለበስን ዲኤስቲቪ ቤቱን ሞላነው። ሰዓቱ ደረሰ፣ ጨዋታ የለም። ስክሪኑ ላይ ሜዳው ውስጥ የገቡ ደጋፊዎች፣ ጭስ፣ ፖሊስ ይታያል። መጀመሪያ ሁሉም ተናደደ። “በፋሲካ እንዲህ ይሠራል?” አለ አንዱ። የቤቱ ባለቤት ብር አልመልስም ብሎ ሌላ ግርግር ተነሳ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ጋሼ ግን “ተዉ፣ ልጆቹ እውነት አላቸው። የእኛን ጩኸት ነው የሚጮኹት” አሉ። ቤቱ ዝም አለ። ጨዋታው ለሌላ ቀን ተላለፈ፣ ብራችንም በዚያው ቀረ። በነገራችን ላይ ግርግሩ ውስጥ የተጎዳ ፖሊስ እንደነበረ ሰምተናል፣ እሱን አልደግፍም።

አንዳንዶቹ ደግሞ ከዚያ በፊት መርሯቸው ሄደዋል። በ2005 ከክለቡ ተገንጥለው ኤፍሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንቸስተርን መሠረቱ። አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው። በ2015 የራሳቸውን ስታዲየም ከፈቱ። አደንቃቸዋለሁ፣ ግን አልከተላቸውም። ጨዋታቸውን እዚህ የሚያሳይ ቤት የለማ!

እንግዲህ የምጠይቅዎ ይህ ነው። ሕጋችሁ የክለብ ዓርማና የማልያ ቀለም ያለ ደጋፊው ድጋፍ እንዳይነካ ይጠብቃል። ካርዲፍ በ2012 ሰማያዊ ማልያውን ትቶ ቀይ እንዲለብስ የተደረገበት ዓይነት ነገር አይደገምም። ሱፐር ሊግን የመሰለም ነገር በእናንተ በኩል አያልፍም። ጥሩ ነው። የግዢ ዕዳን ክለቡ ላይ መጫን ግን በሕጉ በግልጽ አልተከለከለም። እናንተ ግን የፈቃድ ቅድመ ሁኔታ የማውጣት ሥልጣን አላችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ክለብ የሚገዛ ሰው ለግዢው የተበደረውን ክለቡ ላይ እንዳይጽፍ አድርጉ። የጀርመን ክለቦች አብላጫውን ድምፅ ለአባላት የሚያስቀረውን ሕጋቸውን ይዘው ዘመናቸውን ሲኖሩ አልሞቱም።

ነባሮቹንም አትለፏቸው። ስጋት ሲኖር በሥራ ላይ ያለ ባለቤትን መመርመር እንደምትችሉ ሕጉ ይላል። የ20 ዓመት ወለድ ስጋት ካልሆነ ምን ስጋት ይሆናል? ክለቡ 100 ሺህ ሰው የሚይዝ፣ 2 ቢሊዮን ፓውንድ የሚፈጅ ስታዲየም እሠራለሁ ብሎ በ2025 አስታውቋል። ያን ዕዳ ደግሞ ማን ላይ ሊጽፉት እንደሆነ ፈቃድ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁልን።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል ካላችሁ አንዱን ቶሎ ማድረግ ትችላላችሁ። በየዓመቱ ለእያንዳንዱ ክለብ አንድ ገጽ አውጡ። ባለቤቱ ከኪሱ ያስገባው ይህን ያህል፣ ከክለቡ የወሰደው ይህን ያህል፣ በእሱ ምክንያት የተከፈለ ወለድ ይህን ያህል። ሁለት ዓምድ ይበቃል። እንግሊዝኛውን እዚህ የሚተረጉም አናጣም፣ እኔም ለእናቴ አነብላታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የማንቼ ደጋፊ
አዲስ አበባ