ሽጉጡን ከነካዝናው መዝኑት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። ባለፈው እትማችሁ እዚህ አሜሪካ በኢላማ ተኩስ ውድድር ስለሚሳተፉ ወገኖቻችን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ስፖርታችን በአማርኛ ሲጻፍ ማየት ለኛ ብርቅ ነው። እግዜር ይስጥልን።

አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አላስተኛኝም። «የሽጉጡ ክብደት ከ43 አውንስ መብለጥ የለበትም» ይላል። ልክ ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። ሦስት ቃላት ቀርተውበታል። «ከባዶ ካዝናው ጋር» የሚሉ ቃላት። ለብዙው አንባቢ ትንሽ ነገር ይመስል ይሆናል። እኔ ግን በእነዚህ ሦስት ቃላት የተነሳ ዓመቱን ሙሉ የተዘጋጀሁበትን ውድድር አጥቻለሁ። ስለዚህ ማረሚያ እንድታወጡ እለምናችኋለሁ። ቦታ ካላችሁ ደግሞ ይህን ደብዳቤ አውጡልኝ፤ የኔ ስህተት ለሌላው ትምህርት ይሁነው።

ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ነው የቀረኝ። ዋሽንግተን ውስጥ መኪና ማቆሚያ እሠራለሁ፣ ቤቴ ቨርጂኒያ ነው። መተኮስ ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። የምወዳደረው ዩኤስፒኤስኤ በሚባለው የአሜሪካ የተኩስ ውድድር ማኅበር ሕግ፣ ሲንግል ስታክ በሚባለው ምድብ ነው። ይህ ምድብ 1911 ለሚባለው ሽጉጥ የተለየ ነው። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው፣ የአሜሪካ ጦርም በ1911 የተቀበለው ያ አሮጌ ሽጉጥ። ጥይቶቹ ካዝናው ውስጥ በአንድ ረድፍ ነው የሚደረደሩት። ኃይለኛ ጥይት የሚተኩስ ሰው በካዝና 8 ጥይት ይፈቀድለታል፣ ቀለል ያለ የሚተኩስ 10። የክብደቱ ጣሪያ ደግሞ 43 አውንስ ነው። በምናውቀው ልኬት 1219 ግራም መሆኑ ነው።

ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነ ባለ 5 ኢንች 1911፣ ባዶ ካዝናው ገብቶበት፣ 39 አውንስ አካባቢ ይመዝናል። ስለዚህ ከፋብሪካ እንደወጣ ቢወዳደር ማንም አይናገረውም። ጣጣው የሚጀምረው እኛ መነካካት ስንጀምር ነው። መጀመሪያ ማግዌል እንጨምራለን። ካዝናው ቶሎ እንዲገባ የእጀታውን አፍ የሚያሰፋ ቁራጭ ነው። ከዚያ ከሞላው ውስጥ የሚያልፈውን አጭር ዘንግ አውጥተን ረጅምና ከባድ እናስገባለን። የእንጨቱን እጀታ በብረት እንቀይራለን። የሚስተካከል ማነጣጠሪያ እንገጥማለን። ካዝናው መሬት ሲወድቅ እንዳይጎዳ ብለን ከታቹ ወፍራም ሶል እናደርግለታለን። እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ሲታይ ምንም አይደለም። ሲደመር ግን አራቷ አውንስ ሳናውቀው ታልቃለች።

እኔም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ቤቴ ወጥ ቤት ባለች ሚዛን ሽጉጤን መዘንኩ። 42.8 አውንስ። ደስ አለኝ፣ ተኛሁ። የመዘንኩት ግን በአሮጌዋ ካዝና ነበር፤ ሶል ባልተገጠመላት። ውድድሩ ሌላ ስቴት ነው፣ አራት ሰዓት ነድቼ ሄድኩ። ትልልቅ ውድድሮች ላይ የጥይት ፍጥነት የሚለካበት ጣቢያ አለ፤ ሽጉጥም እዚያው ይመዘናል። ዳኛው ቀበቶዬ ላይ የነበረችውን ካዝና ተቀብሎ ሽጉጡ ውስጥ ከተታት፣ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው። 43.3 አለ። አንስቶ ደግሞ አስቀመጠው። ያው 43.3።

ዘጠኝ ግራም ነው ያለፍኩት። ሁለት የአሜሪካ ኒኬል ሳንቲሞች 10 ግራም ይመዝናሉ። ከሁለት ኒኬል ያነሰ ማለት ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው። ምድቡ የሚጠይቀውን ያላሟላ ተወዳዳሪ ኦፕን ወደሚባለው ምድብ ይዛወራል። ኦፕን ውስጥ ያሉት ሽጉጦች አፈሙዛቸው ላይ የጋዝ ማስተንፈሻ፣ ላያቸው ላይ የኤሌክትሮኒክ ማነጣጠሪያ፣ ካዝናቸው ውስጥ የኔን ሦስት እጥፍ ጥይት የያዙ ናቸው። እኔ በ8 ጥይት ከነሱ ጋር ተሰለፍኩ። በየመሀሉ ካዝና ስቀይር እነሱ ጨርሰው ይወጣሉ። ውጤቴን ለመናገር አልፈልግም። በመልሱ መንገድ መኪና ውስጥ ራዲዮ እንኳ አልከፈትኩም።

አብሮኝ የሚተኩስ አንድ የጎንደር ልጅ አለ። ይህን ስነግረው በጣም ተናደደልኝ። «ጋሼ፣ ዘጠኝ ግራም ምን ይጠቅማል ብለው ነው? ይሄ ክፋት ነው» አለኝ። ለኔ ብሎ ነው የተናደደው፣ ይገባኛል። ግን አልተስማማሁም፣ ዛሬም አልስማማም።

የቪየናውን ማራቶን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2021 የኛው ደራራ ሁሪሳ አንደኛ ሆኖ ገባ። ኬንያዊውን ሊዮናርድ ላንጋትን በሦስት ሰከንድ ነበር የቀደመው። ትንሽ ቆይቶ ጫማው ተለካ። የሶሉ ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ የሚፈቀደው 4 ነው። ድሉ ተሰረዘ። ያን ቀን ሁላችንም አዝነናል። ያቺ አንድ ሴንቲ ሜትር ስንት ሰከንድ እንደሰጠችው ማንም ሊናገር አይችልም። መስመሩ የተሰመረውም ለዚሁ ነው። ስንት እንደጠቀመህ ሊለካ ስለማይችል፣ ጫማህን ይለካል። የኔን ዘጠኝ ግራምም ሆነ የሌላውን ሃምሳ ግራም ዳኛው በዓይን ግምት ሊለያቸው አይችልም። ቁጥሩ ካለፈ አለፈ።

ክብደት ምን ይሠራል ለሚል ሰው ልንገረው። ጥይት ወደፊት ሲወጣ ሽጉጡ ወደኋላ ይገፋል። ሽጉጡ በከበደ ቁጥር ወደኋላ የሚመጣው በዝግታ ነው። ከ43 ወደ 45 አውንስ ብታሳድገው የግፊቱ ፍጥነት ከአራት በመቶ ትንሽ በላይ ይቀንሳል። በአንድ ጥይት አትለየውም። ግን ውድድር አንድ ጥይት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ከመቶ በላይ ትተኩሳለህ። አፈሙዙ ትንሽ ዝቅ ባለ ቁጥር ሁለተኛው ጥይት ትንሽ ቀድሞ ይወጣል። ክብደቱ ወደ አፈሙዙ በኩል ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይረጋጋል። ለዚህ ነው ሰዎች ለተንግስተን ዘንግ ገንዘባቸውን የሚያፈሱት። ተንግስተን ከብረት ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ በትንሽ ቦታ ብዙ ክብደት ማለት ነው።

ጣሪያው ከፍ እያለ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ደግሞ በዓይናችን አይተናል። በዚያው ማኅበር ካሪ ኦፕቲክስ የሚባል ምድብ አለ። ሲጀመር ጣሪያው 35 አውንስ ነበር። ሰው በየቀኑ ወገቡ ላይ የሚይዘው ዓይነት ሽጉጥ ይወዳደርበታል ተብሎ ነው። ከዚያ ወደ 45 ወጣ። ከዚያ ወደ 59። ዛሬ እዚያ ምድብ ውስጥ የምታየው ሙሉ ብረት የሆነ፣ የነሐስ እጀታ የተገጠመለት ሽጉጥ ነው። በፕላስቲክ ሽጉጡ የጀመረው ሰው ወይ ይገዛል ወይ ኋላ ይቀራል። እኔ ማንንም አልወቅስም፤ ሕጉ ፈቅዷል፣ ሰውም ተጠቀመ። ግን አንዳንድ ጓደኞቼ «ሲንግል ስታክም ወደ 45 ከፍ ይበል» ሲሉ ስሰማ ልቤ ይደነግጣል። 45 ሲሆን የ45.3 ሰው ይመጣል። ለሱም እናዝናለን። ከዚያስ?

አይዲፒኤ የሚባለው ሌላው ማኅበር ጠንከር ያለ መንገድ ነው የመረጠው። በ1996 ሲቋቋም ዓላማው ሰው በእውነት ለመከላከያ በሚይዘው ሽጉጥ እንዲወዳደር ነበር። እዚያ ከጣሪያው በታች ብትሆን እንኳ ለጥቅም ብለህ ክብደት መጨመር አይፈቀድም። የተንግስተን ዘንግ፣ የነሐስ ማግዌል፣ የተከበደ ካዝና ክልክል ነው። በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርትም ሚዛን አለ። በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ እጁን ኪሱ ከቶ የተኮሰውን ቱርካዊ ዩሱፍ ዲኬችን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ሰው ሁሉ «ምንም መሣሪያ ሳይጠቀም» እያለ ተደነቀ። እሱ በተወዳደረበት የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ግን ጣሪያው ለሁሉም አንድ ነው፤ 1500 ግራም። ምላጩም ቢያንስ 500 ግራም መሸከም አለበት። መነጽር ያደረገውም ያላደረገውም የሚይዘው ሽጉጥ በዚሁ ልክ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ዕቃ ለመግጠም የምታስቡ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ገዝታችሁ በገጠማችሁ ቁጥር መዝኑ። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፣ ጥይት ሁሉ ከምትመዝኑበት ክፍል አውጡ፣ ከዚያ መዝኑ። በሁሉም ካዝናዎቻችሁ መዝኑና በከባዷ ፍረዱ። ዳኛው የትኛዋን እንደሚያነሳ አታውቁም።

ሚዛናችሁን ደግሞ አትመኑት። እኔ በሥራዬ ሳንቲም በእጄ ስለሚያልፍ አንድ ነገር አገኘሁ። የ25 ሳንቲም ኳርተር 5.67 ግራም ነው፤ አምስቱ ልክ አንድ አውንስ ይሆናሉ። ባንክ የሚሰጠው ባለ 10 ዶላር ጥቅል 40 ኳርተር ይይዛል፤ ወረቀቱን ሳይጨምር ስምንት አውንስ ነው። አምስት ጥቅል ፈታችሁ ከ15 ኳርተር ጋር ሚዛን ላይ ብታደርጉት 43 አውንስ መጣ ማለት ነው። ሳንቲሞቹ ያረጁ እንዳይሆኑ ብቻ ተጠንቀቁ። የኔ የወጥ ቤት ሚዛን በዚህ ስፈትነው 42.9 አለ። ዋሽቶኛል ማለት ነው፣ ያውም ወደሚጎዳኝ ወገን።

ያለፋችሁ ከሆነ መቀነሻው ብዙ ነው። አሉሚኒየም የብረት ሲሶ ነው የሚመዝነው። ማግዌሉን ከብረት ወደ አሉሚኒየም መቀየር ብቻ ይበቃ ይሆናል። ከእጀታው በስተጀርባ ያለውን የሞላ ቤትም እንደዚያው። ነሐስ እጀታ ያላችሁ ወደ እንጨት ተመለሱ፤ እንጨት ያምራልም። ረጅሙን ዘንግ አውጥታችሁ ፋብሪካ የሠራውን አጭሩን መልሱ። የካዝናውን ሶል በፕላስቲክ ቀይሩ። ይህ ሁሉ በካቻቢቴ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ሞረድ ግን አታንሱ። ከላይኛው ተንሸራታች ክፍል ብረት እየፋቁ ክብደት የሚቀንሱ ሰዎች አይቻለሁ። ያ ክፍል ሲቀል የሚሄድበት ፍጥነት ይቀየራል፣ ሞላውም አብሮ መቀየር አለበት። ሕጉም እዚያ ላይ የሚፈቅደውና የማይፈቅደው አለው። የጥንቃቄ መቆለፊያዎቹን የሚነካ ሥራማ ለክብደት ተብሎ ፈጽሞ አይታሰብም። የተፋቀ ብረት አይመለስም።

ጣሪያው ላይም አትቁሙ። ግማሽ አውንስ፣ ማለትም 14 ግራም ያህል፣ ከታች ተዉ። የውድድሩ ሚዛን ከናንተው ትንሽ ሊለይ ይችላል። ዘይትና አቧራም የራሱን ይጨምራል።

ለዕቃ ሻጮችም አንድ ልመና አለኝ። ቀለሙን ትጽፋላችሁ፣ ዋጋውን ትጽፋላችሁ፤ እባካችሁ ክብደቱንም በግራም ጻፉልን። ገዢ ሳይገዛ ደምሮ ይወስን።

የኔ ሽጉጥ ዛሬ 42.4 ነው። የእንጨት እጀታው ተመልሶለታል። የጎንደሩ ልጅ ያን ሁሉ ከተናገረ በኋላ እሁድ ዕለት የራሱን ይዞ ቤቴ መጣ። ቡና እየተፈላ ሳንቲሞቹን ደረደርን፣ ሚዛኗን አስተካከልን። ሽጉጡ ብቻውን 40.6 መጣ። ተነስቶ ሊያቅፈኝ ሲል «ካዝናዋን አምጣ» አልኩት። ሲያስገባት 43.4 ሆነ። ዝም አለ። ከዚያ ካቻቢቴ ጠየቀኝ። የሚቀጥለው ውድድር ቅዳሜ ነው፣ አብረን እንሄዳለን።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ፣ ከቨርጂኒያ