የረጅም ጊዜ ቪዛ የያዘ መንገደኛ የመመለሻ ትኬት ለምን ይጠየቃል? ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ከቤተሰብ ጋር ለመኖር ወደ አውሮፓ የሚሄዱ፣ ከኤምባሲ የረጅም ጊዜ ቪዛ ያገኙ መንገደኞች ሻንጣቸውን ለማስረከብ በተሰለፉበት የመመለሻ ወይም የቀጣይ ጉዞ ትኬት አሳዩ ይባላሉ፤ ከሌላቸው ይመለሳሉ ወይም እዚያው ቆመው እንዲገዙ ይገደዳሉ። ጥያቄው በእነዚህ መንገደኞች ላይ ሕጋዊ መሠረት እንደሌለው ስለማምን፣ መሥሪያ ቤትዎ መፍትሔ እንዲሰጥበት በአክብሮት አመለክታለሁ።

የመመለሻ ትኬት ጉዳይ የአጭር ቆይታ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የሸንገን (በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ያነሡ የአውሮፓ አገሮች) የድንበር ደንብ በአንቀጽ 6 የመግቢያ ቅድመ ሁኔታዎችን የሚዘረዝረው፣ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን ለማይበልጥ ቆይታ ለሚገባ የውጭ ዜጋ መሆኑን ከመነሻው ገልጾ ነው። መንገደኛው ለመመለሻው የሚበቃ ገንዘብ እንዳለው እንዲያሳይ የሚጠይቀው ድንጋጌም ሆነ የደርሶ መልስ ትኬትን ከደጋፊ ሰነዶች የሚቆጥረው አባሪ የሚገኙት በዚሁ ማዕቀፍ ውስጥ ነው። «ዲ» የሚል ምልክት ያለበት ብሔራዊ ቪዛ፣ ማለትም የረጅም ጊዜ ቪዛ፣ የያዘ ሰው ግን የሚገባው ቪዛውን በሰጠው አገር ሕግ መሠረት ለመኖር ነው። በጀርመን ሕግ ብሔራዊ ቪዛ ራሱ ከመኖሪያ ፈቃድ ዓይነቶች አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። ኢትዮጵያውያን በአውሮፓ አውሮፕላን ማረፊያዎች ለማለፍ ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁ አገሮች ዜጎች መካከል ናቸው፤ የሸንገን አገር የረጅም ጊዜ ቪዛ የያዘ ኢትዮጵያዊ ግን ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው። ሕግ አውጪዎቹ ራሳቸው በዚህ ደረጃ ያመኑትን ሰነድ እዚህ የሚጠራጠረው ማነው?

አብዛኛው ችግር የሚነሣው ቪዛው ላይ ከታተመው ቀን ይመስለኛል። ለሁለት ዓመት የማስተርስ ትምህርት ወደ ጀርመን የሚሄድ ተማሪ ፓስፖርቱ ላይ የሚለጠፍለት ቪዛ ብዙ ጊዜ የሦስት ወይም የስድስት ወር ብቻ ነው። ይህ ማለት በሦስት ወሩ ይመለሳል ማለት አይደለም። እዚያ ደርሶ አድራሻውን አስመዝግቦ፣ ቪዛው ሳያልፍ በከተማው የውጭ ዜጎች ቢሮ የመኖሪያ ፈቃድ እንዲጠይቅ የተሰጠው ጊዜ ነው። ጣሊያን የገባ ተማሪ በስምንት የሥራ ቀናት ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት አለበት፤ ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ እንደ መኖሪያ ፈቃድ የሚያገለግለው የረጅም ጊዜ ቪዛ በሦስት ወር ውስጥ በኢንተርኔት መረጋገጥ ይኖርበታል። ይህን የማያውቅ የቼክ-ኢን ሠራተኛ ቀኑን ብቻ አይቶ «ቪዛህ የሦስት ወር ነው፣ በዚያ ቀን የምትወጣበት ትኬት አምጣ» ይላል። የማውቀው አንድ ወጣት በዚህ ምክንያት ሊሄድ ሰዓታት ሲቀሩት ቤተሰቡ በሌሊት ገንዘብ ተበድሮ፣ ፈጽሞ የማይጠቀምበትን የመመለሻ ትኬት ገዝቶለታል። ያው ተማሪ ቪዛውን ለማግኘት ጀርመን የምትጠይቀውን የአንድ ዓመት መተዳደሪያ፣ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ 11,904 ዩሮ የሆነውን፣ በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት ዝግ ሒሳብ አስቀምጦ ለኤምባሲው ያረጋገጠ ነው።

አየር መንገዶች የሚፈሩት ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ፍርሃታቸውንም አላቃልለውም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የአውሮፓ መመሪያ ቁጥር 51 ተገቢው የጉዞ ሰነድ የሌለውን ሰው ያጓጓዘ ድርጅት በአንድ መንገደኛ በሺዎች በሚቆጠር ዩሮ እንዲቀጣ ያዛል፤ መግባት የተከለከለውን መንገደኛ የመመለስ ወጪም የሚወድቀው በአጓጓዡ ላይ ነው። ነገር ግን አጓጓዡ እንዲያጣራ የተጠየቀው ፓስፖርትና ቪዛን የመሰለ የጉዞ ሰነድ ነው፤ የመመለሻ ትኬት የጉዞ ሰነድ አይደለም። በዓለም ዙሪያ ረዘም ላለ ጉብኝት ቪዛ እየሰጡ የመውጫ ትኬት የሚጠይቁ አገሮች መኖራቸው እውነት ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ቁጥጥሩ እንዲቀር ሳይሆን እያንዳንዱ መንገደኛ በያዘው የቪዛ ዓይነትና በመዳረሻው አገር ሕግ እንዲታይ ነው።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የዓለም አቀፍ በረራ ዋጋ በዶላር የሚሰላ በመሆኑና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተደረገው የምንዛሪ ለውጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ከ100 ብር በላይ በመድረሱ፣ አላስፈላጊ ትኬት ማለት ለብዙ ቤተሰብ የወራት ገቢ ነው። የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ይህን ወጪ ለመሸሽ ሰዎች የውሸት የትኬት ማስያዣ ከደላላ መግዛታቸው ነው። ሕጋዊ ቪዛ በእጁ ያለ ወጣት ማንም ሊጠይቀው የማይገባውን ወረቀት ለማሟላት ሲል ሐሰተኛ ሰነድ ይዞ ድንበር ላይ ይቆማል፤ ያ ሰነድ ቢታወቅበት ደግሞ እውነተኛው ቪዛም አደጋ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ባለሥልጣኑ ከኢትዮጵያ ለሚነሡ አየር መንገዶችና የመንገደኛ አገልግሎት ለሚሰጡላቸው ድርጅቶች ሁሉ፣ ለብሔራዊ የረጅም ጊዜ ቪዛ ባለቤቶች የመመለሻ ትኬት መጠየቅ የሚቻለው የመዳረሻው አገር ሕግ በግልጽ ሲያዝ ብቻ መሆኑን የሚገልጽ ሰርኩላር እንዲያወጣ እጠይቃለሁ። ጥርጣሬ ሲኖር ሠራተኛው በራሱ ግምት ከመወሰን ይልቅ አየር መንገዶች የየአገሩን የመግቢያ ሕግ የሚያዩበትን ቲማቲክ የተባለውን የመረጃ ቋት ከኃላፊው ጋር እንዲመለከት፣ መንገደኛውን ከከለከለም የተመሠረተበትን ድንጋጌ ጠቅሶ በጽሑፍ እንዲሰጠው ይደረግ። ያለ ሕጋዊ ምክንያት ትኬት እንዲገዛ የተገደደ መንገደኛ ገንዘቡ ያለ ተቀናሽ የሚመለስበት የአቤቱታ መንገድም ቢዘረጋ መልካም ነው። የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ዓመት በአብዛኛው የሚጀምረው በመስከረምና በጥቅምት በመሆኑ፣ ሰርኩላሩ ተማሪዎቹ መጓዝ ከሚጀምሩበት ከነሐሴ በፊት ቢደርስ ለዘንድሮዎቹ ይደርስላቸዋል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር