የስፌት ቅድ ጋዜጣችሁ ላይ አትሙልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ጋዜጣችሁን ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ይዞልኝ ይመጣል፤ አንብበን ስንጨርስም አንጥለውም። እኔ ልብስ የምቀደው በእሱ ነው። ከልብስ ሰፊዎች ያየሁት ነው። ጋዜጣውን ዘርግተው በእርሳስ ይለኩና ይቆርጡታል፣ ከዚያ ጨርቁ ላይ በስፒል ያይዙታል። ጨርቅ አንዴ ከተበላሸ ተበላሸ፣ ወረቀት ቢበላሽ ግን ሌላ ገጽ አለ። ጥያቄዬም ከዚሁ የመጣ ነው። በየሳምንቱ ካልቻላችሁ በወር አንዴ፣ ግማሽ ገጽ የሚሆን የስፌትና የወረቀት ሥራ ቅድ በትክክለኛ ልኩ አትሙልን።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልንገራችሁ። አምና የልጄ ትምህርት ቤት መርጃ መሣሪያ ሠርታችሁ አምጡ አላቸው። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፣ የታዘዘችውም ሰዓት ነው። እኔ ደክሞኝ ስለነበር ከጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ የተሠራውን ገዛሁላት። ለካ ሌላውም ወላጅ ያንኑ ገዝቷል። ማርኩን አገኘች፣ ግን ማታ ስትመጣ «እማዬ፣ የኔ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ» አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ቅዳሜ ቁጭ ብለን ሌላ ሠራን። የፓስታ ካርቶን አመጣች፣ ሰሃን ገልብጠን ዙሪያውን አሰመርን፣ ቁጥሮቹን ራሷ ጻፈች። ቀስቶቹን መሃል ላይ በልብስ ቁልፍና በወፍራም ክር ስላሰርናቸው ይዞራሉ። እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ አለ፣ ሰዓት መቁጠር የለመደችውም በሱ ነው። ሙጫ አልገዛንም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ፉርኖ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ አሟሙቶ እስኪወፍር በእሳት ላይ ማማሰል ነው። ከርሞ ስለሚበላሽ የዕለቱን ብቻ መሥራት ይሻላል። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ዘንድሮ የእንቁጣጣሽ ስዕሉን መግዛት ትቶ ባለፈው ካሌንደር ጀርባ ላይ አደይ አበባ እየለጠፈ ነው። እኛ ልጅ ሆነን የጎረቤቱን በር እያንኳኳን የምናድለውን ስዕል በእጃችን ነበር የምንሥለው፣ አሁን የታተመው በዝቶ ልጆቹ አከፋፋይ ብቻ ሆነዋል።

ወደ ስፌቱ ልምጣ። ፌስታል በ2017 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ተከልክሏል። ከዚያ በፊትም በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ስስ የሆነውን ከልክሎ ነበር። እዚህ ሰፈር ክረምት ሲገባ ቦዩን የሚደፍነው ምን እንደሆነ የምናውቅ እናውቀዋለን። ታዲያ ከገበያ ሌላ ቦርሳ ከመግዛት ያረጀ መጋረጃ ይበቃል። 40 በ45 ሳንቲ ሜትር ሁለት ቁራጭ፣ ለማንጠልጠያው 60 ሳንቲ ሜትር ሁለት። መጀመሪያ በሰፋፊው ወስውሱት፣ ከዚያ መርፌውን ወደ ኋላ እየመለሳችሁ አጥብቃችሁ ስፉት። የስፌት መኪና የግድ አይደለም። ዋናው ነገር ማንጠልጠያው ነው፤ እኔ መጀመሪያ የሰፋሁት አምስት ኪሎ ድንች ይዤ ታክሲ ስጠብቅ ተበጥሶ ድንቹ አስፋልት ላይ ተበተነ። ምክንያቱም አንድ መስመር ብቻ ነበር የሰፋሁት። አሁን ጫፉን አጥፌ አራት ማዕዘን እሰፋና መሃሉን በመስቀለኛ እደግመዋለሁ፣ ከዚያ ወዲህ አልተበጠሰም።

ያለቀ ጋቢም አትጣሉ። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ድስት ማውረጃ ሲሆን ሙቀቱ ቶሎ አያልፍም። ዳሩን አጥፋችሁ በደንብ ስፉት። ፖሊስተር ጨርቅ ግን እሳት ዳር አይሁን፣ ይቀልጣል።

አሁን ቡና ስንጠጣ ሦስት ጎረቤቶች መርፌና ክር ይዘን ነው የምንገናኘው። አንዷ ኪሮሽ ታውቃለች፣ አንዷ ጥልፍ፣ እኔ ቅድ። የሚጎድለን ልኩ ነው። የልጅ ሽርጥ፣ የትራስ ልብስ፣ ለሕፃን የጨርቅ ኳስ ስንት በስንት እንደሚቆረጥ አንዳችን ገምተን ሌላችን እናበላሻለን። መርካቶ ሄዶ ባለሙያ መጠየቅ ደግሞ ከዚህ ሦስት ታክሲ ነው፣ ልጅ ለማን ጥለን እንሄዳለን?

ስለዚህ ስታትሙ ሁለት ነገር አስቡልኝ። ቅዱ ሥር አሥር ሳንቲ ሜትር የሆነች መስመር አስምሩ፣ ማስመሪያ አስጠግተን ልኩ ማተሚያ ቤት እንዳልተቀየረ እንድናይ። ከገጹ ጀርባ ደግሞ ማስታወቂያ አድርጉበት እንጂ ዜና አታድርጉበት፣ ባለቤቴ ሳያነበው እንዳልቆርጠው።

አክባሪያችሁ፣
የሁለት ልጆች እናት፣ ከኮዬ ፈጬ