ካልተመዘገበ የማይሠራ፣ ከተመዘገበ የማይመለስ ኢንተርፌስ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የገዛሁትን ኦዲዮ ኢንተርፌስ ተረክባችሁ ገንዘቤን እንድትመልሱልኝ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

በቅርቡ ከሪከርዲንግ ሶፍትዌር ጋር አብሮ የሚሸጠውን ኦዲዮ ኢንተርፌሳችሁን (ጊታርና ማይክን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘውን ዕቃ) ገዝቻለሁ። አልሆነኝም። ልመልሰው ስጠይቅ «ምርቱ በስምዎ ተመዝግቧል፣ የሶፍትዌሩ ኮድም ሥራ ላይ ውሏል፤ ስለዚህ አይመለስም» የሚል መልስ ደረሰኝ። መልሱን አልተቀበልኩትም። ለምን እንዳልተቀበልኩት ልንገራችሁ።

ዕቃው ዊንዶውስ ላይ በደንብ እንዲሠራ ድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከዕቃው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ይፈልጋል። ድራይቨሩ ካርቶኑ ውስጥ የለም፤ የሚወርደው ከድረ ገጻችሁ ነው። ለማውረድ ደግሞ አካውንት ከፍቶ የዕቃውን መለያ ቁጥር ማስገባት ግድ ነው። ቁጥሩ እንደገባ የሶፍትዌሩ ፈቃድ (ላይሰንስ) እኔን ሳይጠይቅ አካውንቱ ላይ ይመዘገባል። «ለጊዜው ይቆይ» የሚል ምርጫ እንኳ የለውም። ስለዚህ ሳይመዘገቡ መሞከር አይቻልም፤ ከተመዘገቡ ደግሞ መመለስ አይቻልም። ታዲያ ደንባችሁ ላይ «ሞክረው ካልተስማማዎት ይመልሱ» የሚለው ለማን ነው የተጻፈው?

አሁን ለምን እንዳልሆነኝ። ማስታወቂያችሁ «እጅግ ዝቅተኛ ላቴንሲ» ይላል፤ ድምፁ ገብቶ እስኪወጣ ያለው መዘግየት ማለት ነው። ቁጥር ግን የትም የለም። ሶፍትዌሩን ከፍቼ ሳየው በ48 ኪሎ ኸርዝ (በሰከንድ 48,000 ሳምፕል ወይም የድምፅ ናሙና)፣ በፈሩ (ድምፁ ተራ የሚጠብቅበት ማከማቻ) 256 ሳምፕል ላይ ሆኖ፣ ደርሶ መልስ መዘግየቱ 12 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው ይለኛል። ሒሳቡ ያስኬዳል። 256 ሳምፕል በዚህ ፍጥነት 5.3 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። መግቢያና መውጫው ሲደመር 10.7 ይሆናል። ድምፁን ወደ ዲጂታል ለሚቀይረውና መልሶ ለሚያወጣው ክፍል ትንሽ ሲጨመርበት 12 ይሞላል። ጊታሬን ሰክቼ ስጫወት ግን ጣቴና ጆሮዬ አልተገናኙም።

ስለዚህ ለካሁት። የኢንተርፌሱን መውጫ በአንድ ኬብል ከራሱ መግቢያ ጋር አገናኘሁ። ሶፍትዌሩ በራሱ የሚያደርገውን የመዘግየት ማካካሻ አጠፋሁ። ከዚያ «ጠቅ» የምትል አጭር ድምፅ ከአንድ ትራክ ለቅቄ በሌላ ትራክ ቀዳኋት። ሁለቱን ትራኮች አጉልቼ ሳስተያይ የተቀዳችው ድምፅ ወደ 1,300 ሳምፕል ዘግይታለች። ይህ 27 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ከሚታየው ቁጥር ከእጥፍ በላይ። ድምፅ በአየር ላይ በ1 ሚሊ ሰከንድ 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። እንግዲህ የጊታር አምፕሊፋየሩን 9 ሜትር ርቀት ላይ ትቶ እንደመጫወት ነው። ቀስ ያለ ዜማ ላይ ምናልባት ይቻል ይሆናል፤ ፈጠን ያለ ሪትም ላይ ግን ጨዋታው ይፈርሳል።

ጥፋቱ የድራይቨሩ ነው ባይ ነኝ። ስሙ የእናንተ ነው። ሥራው ግን በዊንዶውስ የራሱ የድምፅ ድራይቨር ላይ የተደረበ ሽፋን ነው፤ ሥር የሚጠራቀመውን ተጨማሪ በፈር ለሶፍትዌሩ አያሳውቅም። ኢንተርፌስ የሚገዛ ሰው አንዱ የሚከፍልበት ነገር እኮ ለዕቃው ተብሎ የተሠራ አሲዮ ድራይቨር (ድምፅን በአነስተኛ መዘግየት የሚያስተላልፍ ዓይነት) ነው። አሲዮን የሙዚቃ ሶፍትዌር ኩባንያው ስታይንበርግ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ብርቅ ነገር አልጠየቅኩም።

የድጋፍ ክፍላችሁ ምላሽ ደግሞ አንድ ራስ ሁለት ምላስ ሆነብኝ። አንዱ ሠራተኛ «በፈሩን ወደ 64 ያውርዱት» አለኝ። አወረድኩት፤ ድምፁ ይንቋቋ ጀመር። ሌላው «እንዳይንቋቋ ወደ 512 ይጨምሩት» አለኝ። ይህማ ወደ ባሰ መዘግየት መመለስ ነው። ሦስተኛው «ዳይሬክት ሞኒተሪንግ ይጠቀሙ» ብሎ ጉዳዩን ዘጋው። ዳይሬክት ሞኒተሪንግ ለድምፃዊ ጥሩ ነው፤ የማይኩ ድምፅ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ሄድፎን ይመጣል። እኔ ግን የጊታሬን ድምፅ የምሠራው ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለ አምፕ ሲሙሌተር (የጊታር አምፕሊፋየርን በሚመስል ፕሮግራም) ነው። በዳይሬክት ሞኒተሪንግ የሚደርሰኝ ያልተነካ፣ ደረቅ የክር ድምፅ ብቻ ነው። ሚዲ ኪቦርድ ስጫወትማ ጭራሽ ምንም አይሰማኝም። ድምፁ የሚፈጠረው እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነዋ! ይህን ሳትጠይቁኝ ነው «ችግሩ ተፈቷል» ብላችሁ የዘጋችሁት።

ሌላም አለ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «4 ግቤት» ተብሎ ተጽፏል። ማይክ የሚቀበሉት ግን 2 ብቻ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ከኋላ ያሉ የላይን ግቤቶች ናቸው፤ ፕሪአምፕም (የማይክን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ) 48 ቮልት ፋንተም ፓወርም (ኮንደንሰር ማይክ እንዲሠራ የሚላክለት ኤሌክትሪክ) የላቸውም። ኮንደንሰር ማይክ ብሰካባቸው ዝም ነው የሚሉኝ። ውሸት ነው አልልም፤ ግቤት ግቤት ነው። ግን አራት ማይክ ሊሰካ አስቦ የሚገዛ ሰው እንዳለ አታውቁም ማለት ይከብደኛል።

«ሙሉ የሪከርዲንግ ሶፍትዌር» ያላችሁትም ሲከፈት በ8 ትራክ የተገደበ ሆኖ ተገኘ። ኪክ፣ ስኔር፣ ሃይሃት፣ ቤዝ፣ ሁለት ጊታር፣ አንድ መሪ ድምፅና ሁለት አጃቢ ድምፅ፤ ይኸው 9 ሆነ። ዘፈኑ ሳያልቅ ትራኩ አለቀ። የተገደበ ሥሪት መስጠት ነውር የለውም፣ ብዙዎች ያደርጉታል። «ሙሉ» ማለት ነው ነውሩ። ሪፐር የሚባለው የሪከርዲንግ ፕሮግራም እኮ ምንም ያልተቆረጠለትን ሶፍትዌር ለ60 ቀን ያስሞክራል።

የምጠይቀው ይህን ነው። በስሜ የተመዘገበውን የሶፍትዌር ፈቃድ ሰርዛችሁ፣ ዕቃውን ተረክባችሁ፣ የከፈልኩትን ሙሉ ገንዘብ መልሱልኝ። የመላኪያውን ወጪም እናንተ ሸፍኑ። ከእኔ በኋላ ለሚገዛው ደግሞ ድራይቨሩን ያለ ምዝገባ እንዲወርድ አድርጉ። ድረ ገጻችሁ ላይ «እጅግ ዝቅተኛ» የሚለውን ትታችሁ በ64፣ በ128 እና በ256 ሳምፕል የተለካውን ትክክለኛ መዘግየት አስቀምጡ። ለአንድ መሐንዲስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው ብዬ አላምንም፣ ከዚያም ያነሰ ነው።

ደረሰኙን፣ የድጋፍ ክፍሉን መልሶች እና የለካሁበትን የድምፅ ፋይል ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ፋይሉን የድራይቨር ሥራ ለሚያውቅ ባለሙያ አሳዩልኝ፤ «በፈሩን ይቀይሩ» ለሚለኝ ሰው አትምሩብኝ። ኢንተርፌሱ ከነኬብሉ ካርቶኑ ውስጥ ተመልሷል፤ የመመለሻ አድራሻውን እንደላካችሁልኝ እልከዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ